በረዶ ላይ አሳ ለማስገር የትኛው ኦገር (በረዶ መብሻ) ይሻለኛል? ድሪል፣ ባትሪ ወይስ ቤንዚን?

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፣ ስጽፈው ረዘመ፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ብርዱ ሲገባ ፌለን ሐይቅና ዋይት ቤር እወጣለሁ፣ አንዳንዴም ከጓደኞቼ ጋር እስከ ሚል ላክስ ሐይቅ እንነዳለን። እስካሁን በረዶውን የምበሳው ከሰው በተዋስኩት ኦገር ነው። ዘንድሮ የራሴን ልግዛ ብዬ ሱቅ ገባሁና ግራ ተጋብቼ ወጣሁ። ባለ 6 ኢንች አለ፣ ባለ 8፣ ባለ 10። ባለ 24 ቮልት፣ ባለ 40 ቮልት። ቤንዚን፣ ፕሮፔን። ሻጩ ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ውዱን ወደ እኔ ይገፋል።

ሁኔታዬ ይኸው። ስኖውሞቢል የለኝም፣ ዕቃዬን በሸርተቴ እየጎተትኩ በእግሬ ነው የምገባው። የምፈልገው አሳ ክራፒና ሰንፊሽ ነው፣ ከቀናኝ ዎልአይ። ሥራዬ የሕንፃ ጥገና ስለሆነ የሚልዋኪ ኤም18 ፊውል ድሪል አለኝ፣ ባትሪም አላጣም። አልፎ አልፎ ሁለቱ ልጆቼ ይከተሉኛል። ከ400 ዶላር በላይ ማውጣት አልፈልግም፣ ብፈልግም የቤቷ ገንዘብ ሚኒስትር አትፈቅድም።

ድሪሉ ላይ የሚገጠመውን ብቻ ልግዛ ወይስ ራሱን የቻለ ኦገር? ስንት ኢንች? የምታውቁ በእግዜር።

መካኒኩ

ወንድሜ፣ መልሱ እጅህ ላይ ነው። ያንን ድሪል ይዘህ ሌላ ሞተር ለምን ትገዛለህ? ኬ-ድሪል አለ፣ የኤስኪሞ ፒስቶል ቢት አለ፣ የስትራይክማስተር ላይት-ፍላይት አለ። ሁሉም ለድሪል ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ ቀላል ናቸው፣ በግማሽ በጀትህ ይገኛሉ።

ግን ድሪል ያለው ሁሉ ይችላል ማለት አይደለም። ኬ-ድሪል የሚጠይቀው ቢያንስ 725 ኢንች ፓውንድ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ያለው ብራሽለስ (ሞተሩ ካርቦን ብሩሽ የሌለው) ድሪል ነው፣ አፉም ግማሽ ኢንች የሚይዝ። ኤም18 ፊውል እንደ ሞዴሉ 1,200 ወይም 1,400 ነው፣ ይተርፈዋል። መጋረጃ ለመስቀል የተገዛች ትንሽዬ ድሪል ይዘህ ብትወጣ ግን በረዶው መሀል ላይ ትጨስብሃለች። ኢምፓክት ድራይቨርም አይሆንም። እሱ የተሠራው ብሎን እየመታ ለመፍታት ነው፣ ይህ ሌላ ሥራ ነው።

አሁን ዋናውን ስማኝ። የጎን እጀታውን ቤት ጥለህ እንዳትመጣ። ብዙ ሰው ያ እጀታ ሳጥን ውስጥ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ምላጩ በረዶውን በልቶ በልቶ ሥሩ ጋ ሲደርስ፣ ውኃው ብቅ ሊል ሲል፣ የመጨረሻዋ ስስ በረዶ ላይ ይነክስና ቀጥ ይላል። ኦገሩ ቆመ ማለት ነው። ሞተሩ ግን አልቆመም፣ ስለዚህ የሚዞረው ድሪሉ ራሱ ነው፣ ከድሪሉ ጋር ደግሞ የእጅህ አንጓ። በጎን እጀታው በግራ እጅህ ጥብቅ አድርገህ ይዘህ ክንድህን ወደ ሰውነትህ ካስጠጋህ ምንም አይልህም።

ማርሹን 1 ላይ አድርገው። 2 ላይ ይፈጥናል፣ ግን ጉልበት የለውም፣ ሞተሩም ይግላል። የመዶሻ ምልክት ካለበት አጥፋው። ደግሞ ከድሪሉ አፍ በታች የምትገባ ክብ ሰሌዳ አለች፣ አብራ ካልመጣች ለብቻ ግዛት። አፉ ላልቶ ኦገሩ ቢያመልጥ ሰሌዳዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ትይዘዋለች። እሷ ከሌለች ኦገርህን ለዎልአይ አስረከብክ።

ጋሽ_ክራፒ

ልጆች፣ ሁሉም ሰው ፌለን ላይ አይደለም የሚያሰግረው። እኔ የምወጣው አፐር ሬድ ሌክና ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ ነው። እዚያ ከጃንዋሪ በኋላ በረዶው ከ2 ጫማ ያልፋል፣ ብርዱ ሲከፋ 3 ጫማ ይደርሳል። አምስት ስድስት ሰው ሆነን ነው የምንሄደው፣ ለሁሉም ቀዳዳ እኔ ነኝ የምበሳ። አሳው እዚህ የለም ሲባል ነቅለን ሌላ ቦታ እንሄዳለን፣ እንደገና ብሳ። በድሪል ሞክሩትና እንያችሁ!

የእኔ ባለ 10 ኢንች ቤንዚን ነው። ያጓራል፣ ይሸታል፣ ይከብዳል። 30 ፓውንድ ያልፋል። ግን ቤንዚን እስካለ ድረስ ደከመኝ አይልም። ባትሪ ሲያልቅ ከየት ታመጣለህ? ጄነሬተር ልትጎትት ነው? እኔ አንድ ትንሽ ጀሪካን ይዤ ቀኑን ሙሉ እበሳለሁ።

ብርዱንም አትርሱ። እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ፣ ታወር አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ከዜሮ በታች 60 ፋራናይት ተመዝግቧል። የስቴቱ ሪከርድ ነው። በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል አልልም፣ ግን ባትሪ ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ጋሼ እናመሰግናለን። እርስዎ የሚወጡበት ግን የወንዶች ቦታ ነው፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ከመኪና ማቆሚያው ብዙ አልርቅም 😂 መካኒኩ፣ ስለ እጀታው የነገርከኝ ጥሩ ነው፣ የእኔም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

የማርያም_መቀነት

«የወንዶች ቦታ» ያልከውን አይቼዋለሁ፣ አልፌሃለሁ 🙂 ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ እኔም እወጣለሁ።

እኔ የያዝኩት ባለ 8 ኢንች ባለ 40 ቮልት ነው፣ ሞተሩና ኦገሩ አንድ ላይ የተሠራ። ድሪል ለምን አልሆነኝም? ሁለት እጅ በሰፊው የሚይዘው እጀታ ስላለው ሲነክስ አንጓዬን አያጣምመኝም። ትከሻዬ ደካማ ነው፣ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው ወደ ኋላ መዞሩ ነው። ቀዳዳው ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ አዙረህ አንዴ ስትሰደው ፍርፋሪውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ በማንኪያ ስትጠርግ አትውልም። ድሪልም ወደ ኋላ ይዞራል፣ እሱን አልክድም።

ዋጋው ግን ከበጀትህ ያልፋል፣ ጥሩ የሚባለው። ድሪል የሌለው ሰው ግን ያስብበት። ጎበዝ ድሪል፣ ትልቅ ባትሪ፣ ከዚያ ኦገሩን ለብቻ ሲገዛ ሒሳቡ እዚያው ነው የሚደርሰው።

ወደ ኢንቹ ልምጣ፣ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ከ6 ወደ 8 ሁለት ኢንች ብቻ ይመስላል፣ አይደለም፣ ክብ ስለሆነ ሥራው እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በ2 ጫማ በረዶ ላይ በ6 ኢንች ብትበሳ ከጉድጓዱ የምታወጣው በረዶ 10 ኪሎ አካባቢ ነው። በ8 ኢንች 18 ኪሎ። በ10 ኢንች 28 ኪሎ። ሞተርህ ያንን ሁሉ ፈጭቶ ማውጣት አለበት፣ ባትሪህም በዚያው ልክ ይበላል። ለክራፒ፣ ለሰንፊሽና ለፐርች 6 ይበቃል። ዎልአይ በ6 ይወጣል፣ ትልቁ ሲመጣ ግን ጭንቅላቱን ወደ ቀዳዳው ማስገባት ጣጣ ነው። 8 መሀል ሰፋሪ ነው። 10 ኢንች ለትልቅ ኖርዘርን ፓይክ ወይም በረዶው ላይ ቤት ሠርቶ ለሚቀመጥ ሰው ነው። በእግርህ ለምትገባ ሰውዬ 10 አልመክርህም።

ብርድ_ጠላ

እኔ ዳላስ ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ። አሳ ለመብላት በረዶ የምትበሱት ምን አድርጋችሁ ነው? ቤተሰብ ያውቃል? 😂😂 ሱቅ ውስጥ ጸድቶ፣ ታጥቦ ይሸጣል እኮ።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ዳላስ ዝም በል። በሐምሌ መኪናህ ውስጥ እንቁላል ስትጠብስ ማን ጠየቀህ?

ኤድመንተን_ብርዱ

እናንተ ያለፋችሁት ነገር አለ፣ ፕሮፔን። እኔ ባለ ፕሮፔን የጂፊ ኦገር ነው የምጠቀመው። ባለ 4 ስትሮክ ነው፣ ዘይትና ቤንዚን መቀላቀል የለም፣ ጃኬትህ አይሸትም፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያረጀ ቤንዚን ተጋግሮ በዓመቱ እንቢ አይልህም። ባለ 1 ፓውንዷን ሲሊንደር ትሰካለህ፣ አለቀ።

ጣጣው ብርዱ ነው። ፕሮፔን ከፈሳሽ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከዜሮ በታች 42 ሴልሺየስ ላይ ነው። ስለዚህ ከዜሮ በታች 30 ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይንገታገታል። መፍትሔው ሲሊንደሩን እስክትበሳ ድረስ ጃኬት ውስጥ መያዝ ነው። ክብደቱም ከቤንዚኑ አያንስም፣ እንዲያውም የሚብስ አለ።

ፕሮፔን ነው ንጹሕ ነው ብሎ ድንኳን ውስጥ የሚያስነሳ ሰው ደግሞ አይቻለሁ። እባካችሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፕሮፔንም ይወጣል፣ አይሸትም፣ አይታይም። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ውጪ ነው የሚነሳው። ድንኳን ውስጥ መብሳት የሚፈልግ በባትሪ ይብሳ። ለሂተሩም ቢሆን የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ክፈቱ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያዙ።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ስለ ባትሪ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጋሼ እንዳሉት ብርዱ ባትሪውን አይገድለውም? ሥራ ቦታ ላይ ራሱ በጃንዋሪ ቶሎ ይወድቅብኛል። ባለ 5 አምፒር አወር ነው የያዝኩት።

መካኒኩ

አይገድለውም፣ ያደክመዋል። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ነገር ይንቀራፈፋል፣ ጉልበቱን ቶሎ መስጠት ያቅተዋል። ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ መላው ቀላል ነው፣ ባትሪውን ድሪሉ ላይ ሰክተህ ሸርተቴ ላይ አትተወው። ከጃኬትህ ሥር ኪስ ውስጥ አድርገው ወይም ትንሽ ኩለር ውስጥ ከእጅ ማሞቂያ ጋር ክተተው። ልትበሳ ስትል ስካው፣ ስትጨርስ ንቀለው።

አንድ ነገር ግን በፍጹም አታድርግ። የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም። ከዜሮ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ስታደርገው ውስጡ የማይጠገን ጉዳት ይደርስበታል። ቤት አስገብተህ ሙቀቱን እስኪይዝ ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ቻርጀር። ጋራዥህ የማይሞቅ ከሆነ እዚያ ቻርጅ የማድረጉን ነገር ተወው።

ስለ መጠኑ፣ ቮልቱን ብቻ አትይ። ቮልቱን በአምፒር አወሩ አባዛው። ባለ 18 ቮልት ባለ 5 ማለት 90 ዋት አወር (ባትሪው የሚይዘው ጠቅላላ ኃይል) ነው። ባለ 12 ከሆነ 216 ነው፣ ከእጥፍ በላይ። ሱቅ ውስጥ «40 ቮልት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎ ባትሪው ግን ትንሽ የሆነ ዕቃ አለ። ሳጥኑን ገልብጠህ አምፒር አወሩን ፈልግ። ለአንተ ባለ 5ቱን ሁለት ብትይዝ ለፌለንና ለዋይት ቤር ይተርፍሃል። ለሚል ላክስ አንድ ባለ 8 ወይም ባለ 12 ጨምር።

ጋሽ_ክራፒ

ባትሪ ኪስ ውስጥ ይዞ ማሞቅ! 😄 እሺ ይሁን። የምስማማው አንድ ነገር ላይ ነው፣ ለብቻው በእግሩ ለሚገባ ሰው የእኔ መሣሪያ ግዞት ነው።

ግን ሁላችሁም ስለ ሞተር ትጨቃጨቃላችሁ፣ በረዶውን የሚበላው ምላጩ ነው። ዶልዱም ምላጭ ላይ ምንም ዓይነት ሞተር ብትሰኩ አይሠራም። ሹል ምላጭ ግን በእጅም ይሄዳል። ይህን ጉዳይ ማን ይናገር?

የማርያም_መቀነት

ልክ ብለዋል ጋሼ። እኔ ልናገር።

ምላጭ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላጭ ነው፣ ጠፍጣፋና ስል፣ በረዶውን እንደ ካሮት ይልጠዋል። አዲስ ንጹሕ በረዶ ላይ ፈጣን ነው፣ ድሪልም የሚወደው ይህንን ነው፣ ጉልበት አይፈጅም። የማይወደው የቆየ ቀዳዳ ነው። ትናንት የተበሳውን ዛሬ ልክፈተው ስትል ይዘላል፣ ይነክሳል፣ ጫፉ ይሰበራል። አሸዋ ወይም ጠጠር ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ወዲያው ያልቃል።

ሌላው ጥርስ ያለው ነው፣ ቆርቋሪ። ቀስ ይላል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ግን የቆየውን ቀዳዳ፣ ቆሻሻውን በረዶ ሁሉ እየፈለፈለ ያልፋል። ቤት ሠርቶ የሚቀመጥ ሰው ይሄኛውን ይያዝ።

ምላጩ መዶልዶሙን የምታውቀው ከሚወጣው በረዶ ነው። ሹል ሲሆን የሚወጣው ፍርፋሪ ሻካራ ነው፣ እንደ ተፈቀፈቀ ነገር። ዶልዱም ሲሆን ዱቄት ነው የሚያወጣው፣ ኦገሩም አይወርድም፣ ቆሞ ይዞራል፣ አንተም ከላይ መጫን ትጀምራለህ። መጫን ከጀመርክ አቁም። ስትቀይር ሁለቱንም በአንዴ ቀይር፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ሲሆን ቀዳዳው ጠማማ ይሆናል።

ደግሞ እባካችሁ ኦገር ላይ የተጋገረውን በረዶ ለማራገፍ መሬት ላይ አትምቱት! ሰው ሁሉ ይህንን ያደርጋል። ምላጩ ሲጣመም ማዕዘኑ ይበላሻል፣ ከዚያ «አዲስ ምላጭ ገዝቼ አልበሳ አለኝ» ይላል። ቀዳዳው ውስጥ ውኃው ላይ ነክራችሁ ያዙት፣ ውኃው ከበረዶው ይሞቃል፣ ይለቀዋል። ከዚያ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሽፋኑን አልብሱት። ምላጩ ላይ ያለች ስስ የውኃ ጠብታ ከበረደች ራሱ ሁለተኛ አይነክስላችሁም።

ስቶክሆልም_ዳር

ከስዊድን ሰላም። እናንተ አሜሪካኖች ሞተር ትወዳላችሁ። እዚህ አብዛኛው ሰው አሁንም በእጅ ኦገር ነው የሚበሳው፣ የሞራ ኦገር የአገሩ ዕቃ ነው። መጠኑም ትንሽ ነው፣ 110፣ 130፣ 150 ሚሊ ሜትር። 150 ማለት የእናንተ 6 ኢንች ነው። ለፐርች 130 በቂ ነው። አንድ ጫማ በረዶ በሹል ምላጭ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ በዚያ ላይ ይሞቅሃል።

አሁን እዚህም ድሪል መጥቷል። የእጅ ኦገሩን እጀታ ፈታ አድርገው በመገጣጠሚያ ድሪል ላይ ይሰኩታል። ለጠያቂው ወንድማችን ግን የምለው፣ ድሪልም ብትገዛ አንድ የእጅ ኦገር ሸርተቴህ ላይ ይኑር። ርካሽ ነው፣ ቻርጅ አይፈልግም።

ፈቃድ ለሚፈልግ፣ እዚህ በአምስቱ ትልልቅ ሐይቆች፣ ቬነርን፣ ቬተርን፣ ሜላረን፣ ዬልማረንና ስቱርሼን ላይ በእጅ መሣሪያ ማስገር በነፃ ነው። ሌላው ሐይቅ ላይ የዓሣ ካርድ ትገዛለህ። በስቶክሆልም ያላችሁ ሜላረን ደጃችሁ ነው፣ ምን ትጠብቃላችሁ?

ብርድ_ጠላ

እሺ ሌላ ጥያቄ፣ ይሄኛው ቁም ነገር ነው። በረዶው የሚይዘው ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ጾመ ነቢያት ነው። የያዛችሁትን ትበላላችሁ ወይስ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ገና ታስቀምጣላችሁ? አሳ በጾም ይበላል እንዴ?

አወያይ

በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በሌላ ክር ላይ ተጀምሮ እስካሁን አልተቋጨም። እዚህ አይከፈትም። ስለ ኦገር እንቀጥል።

ጋሽ_ክራፒ

አወያይ ዕድሜ ይስጥህ።

ኤድመንተን_ብርዱ

ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ስፕሪንግ ላይ ሰው ጋራዡን ሲያጸዳ የቤንዚን ኦገር በርካሽ ይወጣል። ሻጩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ማየት አለባችሁ። ቀድሞ አስነስቶ ከጠበቃችሁ ጠርጥሩ። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ የሚገፋ ነገር ካልተሰማችሁ ሞተሩ ደክሟል። ጠመዝማዛውን ከሞተሩ ፈትታችሁ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አንከባሉት፣ ከተንገዳገደ ተጣሟል፣ ተጣሞ ከሆነ ደግሞ አይቃናም። ከመግዛታችሁ በፊት ለዚያ ሞዴል ምላጭ አሁንም እንደሚሸጥ አረጋግጡ። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ምላጭ ስለጠፋ ብቻ ጋራዥ ውስጥ የተጋደመ ብዙ ነው።

ባለ 2 ስትሮክ ከሆነ የቤንዚኑንና የዘይቱን ድብልቅ ጠይቁ፣ አንዳንዱ 40 ለ 1 ነው፣ አንዳንዱ 50 ለ 1።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ተማርኩ። ወስኛለሁ፣ ድሪል ላይ የሚገጠም ባለ 8 ኢንች፣ ላጭ ምላጭ፣ ትርፍ ምላጭ፣ ክብ ሰሌዳ። ባትሪ አንድ ባለ 12 እጨምራለሁ፣ እሱን ለሥራም እጠቀምበታለሁ ብዬ ለገንዘብ ሚኒስትሯ አቀርባለሁ። መካኒኩ፣ ማስረዘሚያ ያስፈልገኛል?

መካኒኩ

ከተማው አካባቢ አያስፈልግህም። ሚል ላክስም በደህና ጊዜ ያለ እሱ ይሄዳል። ከጋሽ ክራፒ ጋር ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ ከወጣህ ብቻ ባለ 12 ኢንቹን ግዛ። ከመግዛትህ በፊት ግን የኦገርህን ቁመት ከምላጩ እስከ ሰሌዳው ለካው። በረዶው ከዚያ ከወፈረ ድሪልህ ፍርፋሪውና ውኃው ውስጥ ሊገባ ነው ማለት ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ ያንን አይወድም።

ሌላ፣ ድሪሉ አፍ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፣ ጥቂት ቀዳዳ ከበሳህ በኋላም እያቆምክ እንደገና ፈትሸው። ብርድ ላይ ብረት ይኮማተራል፣ ይላላል። ወደ ኋላ ስታዞርም በቀስታ፣ አንዳንዱ አፍ በዚያን ጊዜ ነው የሚፈታው።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

እሺ። ቅዳሜ ዋይት ቤር ላይ ልሞክረው ነው። ባለፈው ሳምንት አምስት ኢንች አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚመጣ አለ?

የማርያም_መቀነት

«ሲሉ ሰምቻለሁ» ምን ማለት ነው? ሐይቁ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ወደብ ጋ አምስት ሆኖ ምንጭ ያለበት ጋ ሁለት ሊሆን ይችላል። የዲኤንአር (የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት) መመሪያ ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች ነው የሚለው፣ ለስኖውሞቢል ከ5 እስከ 7፣ ያውም ንጹሕ ጥቁር በረዶ ሲሆን ነው። ነጭ በረዶ ከሆነ እጥፉን ያዝ፣ ጥንካሬው ግማሽ ነው። ለዚህም ቢሆን በእርግጠኝነት አስተማማኝ የሚባል በረዶ የለም ይላሉ ራሳቸው። በየጥቂት እርምጃው ብሳ፣ ለካ። ለዚህ ነው ድሪሉ ጥሩ የሆነው፣ ለመለካት አትሰንፍም። ልጆቹን በመጀመሪያው ቀን አታምጣ።

ስቶክሆልም_ዳር

የበረዶ ማያዣ ሹሎችም (በረዶው ቢሰበር ወግተህ የምትወጣባቸው) አንገትህ ላይ ይንጠልጠሉ። እዚህ ያለ እነሱ በረዶ ላይ የሚወጣ ሰው ይሰደባል።

ሐዋሳ_ሴንትፖል

ሹሎቹ አሉኝ። ልጆቹም ቤት ይቀራሉ፣ ይጮሃሉ ግን እንግዲህ። በረዶውን እየወጉ የሚፈትሹበት መውጊያ ብረት የለኝም፣ ያለው ሰው ቢመጣ ጥሩ ነበር።

የማርያም_መቀነት

እኔ አለኝ። ጠዋት 7 ሰዓት በፈረንጅ፣ የጀልባ መግቢያው ጋ። ፈቃድህን ያዝ፣ በበረዶ ላይ ሁለት መስመር ነው የሚፈቀደው፣ ሦስተኛ ዘንግ እንዳትዘረጋ። እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ዎልአይ ክፍት ነው፣ ምሽት ላይ ብንቆይ ይሻላል።

ጋሽ_ክራፒ

እኔም ከቤሚጂ ወርጄ ልጄ ጋ ስላለሁ እመጣለሁ። ባለ 10 ኢንቹን ይዤ፣ ማን ቶሎ እንደሚበሳ እናያለን።

መካኒኩ

ጋሼ፣ በ5 ኢንች በረዶ ላይ 30 ፓውንድ ይዘው ይምጡ እንጂ 😂 ቪዲዮ እቀርጻለሁ።